«እንዴት ነው?» እና «ዝቅ ብለናል»፦ የኮክፒት ንግግርና የከፍታ ስህተት

ቦሌ አራብሳ በረንዳ ላይ ልብስ የሚያሰጣ ሰው አውሮፕላን መጣ ብሎ ቀና አይልም። ለምዶታል። ነፋሱ አቅጣጫ በቀየረ ቀን አውሮፕላኖቹ በምሥራቅ በኩል ይገባሉ። ጎማቸውን ዘርግተው ወደ ቦሌ ዝቅ ይላሉ። በዚያች ሰዓት ኮክፒት፣ ማለትም የአብራሪዎቹ ክፍል፣ ውስጥ ሁለት ሰዎች ቁጥር እየተቀባበሉ ነው። አንዱ ያበራል፣ ሌላው ይከታተላል። ብዙ የከፍታ ስህተት የሚወለደው እዚያ ንግግር ውስጥ ነው፤ የሚያዘውም እዚያው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ጉዳዩ ትንሽ ይከብዳል። የቦሌ ማኮብኮቢያ ራሱ ከባህር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በአቪዬሽን ቋንቋ ከ7,600 ጫማ በላይ ማለት ነው። ዙሪያውን ደግሞ ተራራ ነው፤ በሰሜን እንጦጦ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር፣ በምዕራብ ወጨጫ። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,100 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ከፍታ መለኪያው 10,000 ጫማ የሚያሳይ አውሮፕላን ከተራራው አናት በታች ነው ያለው። ሌላ አገር 10,000 ጫማ ሲባል ገና ሰማይ ቤት ነው። እኛ ዘንድ ከማኮብኮቢያው 2,400 ጫማ ብቻ ከፍ ማለት ነው።

ከፍታ መለኪያው፣ ማለትም አልቲሜትሩ፣ ርቀት አይለካም። የሚለካው የአየር ግፊት ነው። ስለዚህ አብራሪው የአካባቢውን ግፊት ምድር ላይ ካለው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ተቀብሎ ማስገባት አለበት። በአንድ ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) መሳሳት ከፍታውን 28 ጫማ ገደማ ያዛባል። ግንቦት 2022 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ሻርል ደጎል ላይ የሆነውን እዩት። ትክክለኛው ግፊት 1001 ነበር፤ ተቆጣጣሪዋ 1011 አለች። አብራሪዎቹም 1011 ብለው መልሰው አነበቡ፤ ማንም አላረመም። ኤርባስ ኤ320ው 280 ጫማ ያህል ዝቅ ብሎ መጣ። ማኮብኮቢያው ጋ ሳይደርስ ከመሬት 6 ጫማ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ረዥም ሰው ቀጥ ብሎ ቢቆም ማለት ነው። ደግነቱ ተመልሰው ወጡ።

ቁጥር በጆሮ ሲተላለፍ ሌላም ጣጣ አለው። በእንግሊዝኛ «ሁለት»ም «ወደ»ም «ቱ» ነው የሚባሉት። የካቲት 1989 (እ.ኤ.አ.) ኳላላምፑር አጠገብ ተቆጣጣሪው ወደ 2,400 ውረዱ ለማለት «ዲሴንድ ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ» አለ። የፍላይንግ ታይገር ጭነት አውሮፕላን አብራሪዎች «ወደ 400» ብለው ሰሙት። የመሬት መቃረብ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ እነሱ ግን አልወጡም። አራቱም ሞቱ። 10,000 እና 11,000ም እንዲሁ ይምታታሉ፤ «ዋን ዜሮ» እና «ዋን ዋን» በደከመ ጆሮ እየተቀራረቡ ይመጣሉ።

መድኃኒቱ አሰልቺ ነው። የተነገረው ቁጥር ተመልሶ ይነበባል። አንዱ አብራሪ ቁጥሩን ማሳያው ላይ ያስገባል፣ ሌላው በጣቱ እየጠቆመ ጮክ ብሎ ያረጋግጣል። 1,000 ጫማ ሲቀር ደግሞ «ዋን ታውዘንድ ቱ ጎ» ይባላል። በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ስታስቡት እንደ ዳዊት ድገማ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ይሉኝታ ነው። ዋና አብራሪው በዕድሜም በማዕረግም ታላቅ ነው፤ ረዳቱ አንቱ እያለ ያናግረዋል። ከሬዲዮው ውጭ በአማርኛ ሲያወሩ ደግሞ ቋንቋው ራሱ ወደ ማለዘብ ይጎትታል። «ዝቅ ብለናል» ማለት ሲገባው «ካፒቴን፣ ከፍታችን እንዴት ነው?» ይላል። ጥያቄ አስመስሎ ማስጠንቀቅ ለእኛ ጨዋነት ነው። ኮክፒት ውስጥ ግን ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ሥልጠናው ደረጃ ያስቀምጣል፦ መጀመሪያ ያየኸውን ተናገር፣ ቀጥሎ ምን ይደረግ በል፣ ካልተሰማህ መሪውን ተረከብ። የመጨረሻውን ለታላቁ ሰው ማድረግ ለማንም ቀላል አይደለም።

ይሉኝታው የእኛ ብቻም አይደለም። ታኅሣሥ 1972 (እ.ኤ.አ.) ማያሚ አጠገብ የኢስተርን 401 በረራ ሠራተኞች ጎማው መዘርጋቱን በምታሳይ አንዲት የተቃጠለች አምፖል ተጠምደው ነበር። አውሮፕላኑ ከ2,000 ጫማ ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። ደወል ጮኸ፤ የሰማው የለም። የምድር ተቆጣጣሪው ራዳሩ ላይ 900 ጫማ አየ። ያየውን ግን አልተናገረም፤ ነገሩ እንዴት እየሄደላችሁ ነው ብሎ ብቻ ጠየቀ። እነሱም መዞር እንፈልጋለን ብለው መለሱ። አውሮፕላኑ ረግረግ ውስጥ ወደቀ፤ 101 ሰው ሞተ።

በ1978 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የዩናይትድ 173 በረራ ፖርትላንድ ላይ ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ። አብሮ የሚበረው የበረራ መሐንዲስ ነዳጁ እያለቀ መሆኑን ተናግሮ ነበር፤ በለዘበ ድምፅ። በማግስቱ ዓመት ናሳ ባለሙያዎችን ሰበሰበ፤ ዛሬ ሲ.አር.ኤም. የሚባለው የቡድን አሠራር ሥልጠና ከዚያ ተነሣ።

እዚሁ ደጃችን የሆነውን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። መጋቢት 31 ቀን 2003 (እ.ኤ.አ.) የብሪቲሽ ሜዲትራኒያን ኤ320 ከእስክንድርያ ተነስቶ በሌሊት ወደ ቦሌ እየመጣ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። በሁለተኛው፣ ከኤርፖርቱ በሰሜን ምሥራቅ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ አንድ ሸንተረር በ56 ጫማ ልዩነት አለፈ። 17 ሜትር ነው፤ የአንድ ጂ+4 ኮንዶሚኒየም ቁመት ያህል። አብራሪዎቹ መሣሪያቸው እንደነገራቸው ነበር የሚሄዱት። መሬት ላይ ያለው የአቅጣጫ ጠቋሚ ሬዲዮ አንቴና ውስጥ ውሃ ገብቶ የተሳሳተ አቅጣጫ ይልክ ነበር። የአውሮፕላኑ ኮምፒውተርም ያለበትን ቦታ ያሰላው ከዚያው ከተሳሳተው ምልክት ነው። የመሬት ማስጠንቀቂያው ደግሞ በዚያው ስሌት ላይ ይተማመናል። ከሳሹም ምስክሩም አንድ ሰው ሆኑ ማለት ነው። ሸንተረሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቁልቁል ወደ መሬት የሚለካው ሬዲዮ አልቲሜትር ከሁሉም ተነጥሎ እውነቱን አነበበ። «ቱ ሎው፣ ቴሬን» የሚል ድምፅ አንድ ጊዜ ተሰማ። ዋና አብራሪው ወደ ላይ መሳብ ጀምሯል።