«አብሽሪ፣ ጨጓራ ነው»፦ ስለ ሐሞት ከረጢት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ ውስጥ ቡና ላይ ተቀምጦ «ሆዴን አመመኝ» ያለ ሰው መልስ አያጣም። «አብሽር፣ ጨጓራ ነው፤ ተልባ ጠጣ» ይባላል። ሐሞት ከረጢቱ እየደጋገመ ለሚቆጣበት ሰው ግን ይህች ምክር ዓመታት ልታስበላው ትችላለች።

«ጨጓራ ነው።» የሐሞት ከረጢት ሕመም ብዙ ጊዜ ቅቤ የበዛበት ወጥ ከተበላ በኋላ ይነሳል። ከቀኝ ጎድን ሥር ወይም ልክ ጨጓራ ላይ ይይዛል፤ ወደ ጀርባና ወደ ቀኝ ትከሻ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ መነሻው ከረጢቱ ውስጥ የተሠራ ጠጠር ነው፤ መኖሩን አልትራሳውንድ ያሳያል።

«ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ የወፍ በሽታ ነው።» ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል፤ ሰውን ከሐኪም ይልቅ ወደ ሥራሥር ይወስደዋላ። በከረጢቱ አንገት ላይ የተሰነቀረ ጠጠር ከጉበት የሚወርደውን ቱቦ ተጭኖ ሊዘጋው ይችላል። ሐሞት መውረጃ ሲያጣ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሰውነት ያሳክካል። ይህ ሚሪዚ ሲንድረም ይባላል። ብዙ ሰው አይገጥመውም። የገጠመውን ግን መድኃኒት አዋቂ አያድነውም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት ያኔውኑ ሆስፒታል መሄድ ነው።

«ሕመሙ ተወኝ፤ ድኛለሁ።» ሁልጊዜ አይደለም። ደጋግሞ የተቆጣ ከረጢት ከአጠገቡ ካለው አንጀት ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ጠጠሩ ግድግዳውን ቀስ በቀስ በልቶ ወደ አንጀት ሊገባ ይችላል። ትንሽ ከሆነ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ግን የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ላይ ሊሰነቀር ይችላል። ያኔ ሆድ ይነፋል፣ ያስመልሳል፣ ፈስ እንኳ አይወጣም። በብዛት የሚታየው በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ነው። ጠጠሩ እየተንከባለለ ስለሚሄድ ምልክቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሚያዘናጋውም ይኸው ነው።

«ሎሚና የወይራ ዘይት ጠጠሩን ያወጣዋል።» ከጠጡ በኋላ የሚወጣው አረንጓዴ እንክብል ብዙውን ጊዜ ራሱ ዘይቱ ሆድ ውስጥ የሠራው ሳሙና መሰል ነገር ነው። ጠጠሩ እዚያው አለ።

«ከረጢቱ ከወጣ መኖር አይቻልም።» ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የወጣው በርሊን ውስጥ በ1882 እ.ኤ.አ. ነው። ታካሚውም ተርፏል።

«እማማ ብዙም አላመማቸው፤ ነገ ይታያሉ።» በዕድሜ የገፉና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ከረጢታቸው እየበሰበሰ እንኳ ሕመሙ ቀለል ሊልባቸው ይችላል። ኮምቦልቻም ሆናችሁ ደሴ፣ እማማ ካተኮሳቸው፣ ካስመለሳቸው ወይም ሆዳቸው እንደ ጣውላ ከደረቀ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ።