ከባህል ጋር የተስማማ የፋርማሲስት ድጋፍ ምንድን ነው?

እንግሊዝኛው «በቀን አንድ ጊዜ» ሲል የሚጠቀምባት «ዋንስ» (once) የምትል ቃል አለች። ይህቺው ቃል በስፓኒሽ ስትነበብ «ኦንሴ» ትሆናለች። ትርጉሟ 11 ነው! የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ስትሆን አደጋዋን አስቡት።

አሜሪካ ለሚኖሩና ዓይነት 2 ስኳር ላለባቸው ላቲኖዎች፣ ማለትም ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ ለሆነ ሰዎች፣ የሚሰጠው ከባህላቸው ጋር የተስማማ የፋርማሲስት ድጋፍ እንዲህ ያለውን ስህተት ከማረም ይጀምራል። ቋንቋው ግን መግቢያ በር ብቻ ነው። ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን አስረክቦ አይሸኝም። ቁጭ ብሎ ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚፈሩ፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያበስል ይጠይቃል። ከሐኪሙ ጋር ስምምነት ካለው የመድኃኒቱን መጠንም ያስተካክላል። ፋርማሲስት የስኳር ታካሚን በቅርብ ሲከታተል አዲስ ነገር አይደለም፤ በሰሜን ካሮላይናዋ አሽቪል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 ተጀምሯል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደሚለው፣ አንድ ላቲኖ በዕድሜ ዘመኑ ዓይነት 2 ስኳር የሚይዘው ዕድል ከ50 በመቶ በላይ ነው። የአጠቃላዩ አሜሪካዊ 40 በመቶ ነው።

ብዙዎች ሕመሙ በ«ሱስቶ»፣ ማለትም በድንጋጤ እንደመጣባቸው ያምናሉ። እኛም አገር «በድንጋጤ የያዘው ስኳር» ሲባል እንሰማለን አይደል? ኢንሱሊን ዓይን ያጠፋል የሚል ፍርሃትም አለ። አጎቱ ኢንሱሊን ጀምሮ ዓይኑ ሲጠፋ ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ዓይንን የሚጎዳው ግን ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየው ስኳር ነው፤ መርፌው ዘግይቶ ስለተጀመረ ጥፋቱ በእሱ ተላከከ። ጥሩ ፋርማሲስት ይህን ሳያጣጥል ያስረዳል።

«ሬስፔቶ» የሚሉትም አለ፤ የእኛ ይሉኝታ ቢጤ ነው። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ክኒን ሆዱን ያወከው ሰው ሐኪሙ ፊት «እሺ» ይልና ቤቱ ሲገባ ይተወዋል። ከምግብ ጋር ቢወስደው፣ ከትንሽ መጠን ቢጀምር አብዛኛውን ጊዜ ይሻለው ነበር። ይህን ለመናገር ድፍረት የሚሰጠው የለመደው ፊት ነው።

ምግቡ ላይ ደግሞ «ቶርቲያ (ስስ ቂጣቸውን) ተው» አይባልም። ስንት እንደሚበላ አብረው ይቆጥራሉ። አንዷ ትንሽ የበቆሎ ቶርቲያ ወደ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት አላት። ከጎኗ ባቄላና «ኖፓል» ይጨመራል፤ ኖፓል እኛ በለስ የምንለው ተክል ለጋ ቅጠሉ ነው።

ይህን ሳስብ ውጭ አገር ያሉ እናቶቻችን ይታወሱኛል። «እንጀራ ቀንሱ» ይባላሉ፤ ከአንድ ትሪ አምስት ሰው ሲበላ የራሳቸውን ድርሻ እንዴት እንደሚለኩ ግን የሚያሳያቸው የለም።