ቤይሊ ጋትዘርት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት (ሲያትል)

ከሲያትል መሃል ከተማ የየስለር ዌይን ዳገት ይዘው ወደ ምሥራቅ ሲወጡ፣ 12ኛውን አቬኑ ትንሽ እንዳለፉ ቤይሊ ጋትዘርትን ያገኙታል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ከአፀደ ሕፃናት እስከ 5ኛ ክፍል ያስተምራል። በአንድ ወገን የቻይናና የጃፓን ሰፈር፣ በሌላው ሴንትራል ዲስትሪክት፣ አጠገቡ ደግሞ የየስለር ቴራስ መኖሪያ አለ። ሰፈሩን ሐበሻ በደንብ ያውቀዋል፤ ወደ ቼሪ ጎዳና ብቅ ካሉ የበርበሬው ሽታ ራሱ መንገድ ይመራል።

ስሙ የሰው ስም ነው። ቤይሊ ጋትዘርት ጀርመን የተወለደ አይሁዳዊ ነጋዴ ሲሆን በ1875 የከተማዋ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው)። ከአይሁድ የመጀመሪያው ከንቲባ እሱ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ስም የስደተኛ ልጆች ለሞሉበት ለዚህ ትምህርት ቤት መውጣቱ የሚገጥም ነገር ነው።

የመጀመሪያው ሕንፃ በ1921 የተከፈተው አሁን ካለበት ትንሽ ወደ ደቡብ፣ 12ኛ አቬኑና ዌለር ጎዳና መገናኛ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት የሰፈሩ ልጆች ሜይን ስትሪት በሚባለው ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ ሚስ ኤዳ ማሆን ሁለቱንም መርተዋል፤ ከ1910 እስከ 1945፣ 35 ዓመት ሙሉ። አብዛኞቹ ተማሪዎቻቸው የጃፓንና የቻይና ስደተኞች ልጆች ነበሩ። ሴትዮዋ በሥርዓት ቀልድ አያውቁም። ልጆቹን አሜሪካዊ ለማድረግ አብዝተውታል የሚል ይኖራል፤ እኔ ግን ሌላው ፊቱን ባዞረበት ዘመን 35 ዓመት እዚያው መቆየታቸውን አልንቀውም።

የጃፓኖቹ ልጆች ከትምህርት ሲወጡ ቀጥታ ቤት አይገቡም ነበር። ዌለር ጎዳና ላይ፣ ጥቂት ርምጃ ራቅ ብሎ፣ በ1902 የተመሠረተ የጃፓንኛ ትምህርት ቤት አለ። ቀን እንግሊዝኛ፣ ከሰዓት በኋላ የወላጅ ቋንቋ። ቅዳሜ ወይም እሁድ ልጁን ፊደል ለማስቆጠር ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚጎትት ሐበሻ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ከዚያ 1942 መጣ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፌብሩዋሪ 19 በፈረሙት ትእዛዝ የምዕራብ ጠረፍ ጃፓናውያን፣ እዚያው ተወልደው ዜግነት ያላቸው ሳይቀሩ፣ ከቤታቸው እንዲነሱ ተደረገ። በዚያው ወር የሲያትል ትምህርት ቤቶች ጸሐፊ ሆነው ይሠሩ የነበሩ ከ20 በላይ የጃፓን ተወላጆች፣ የተማሪ ወላጆች ፊርማ ስላሰባሰቡባቸው፣ ሥራቸውን ለቀቁ። በጸደዩ ተራው የቤተሰቡ ሆነ። ሰው ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጀመሪያ ፑያለፕ ወደሚገኘው የባዛር ሜዳ፣ ቀጥሎ አይዳሆ በረሃ ውስጥ ወዳለው ሚኒዶካ ካምፕ ተጋዘ። ጋትዘርት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ተማሪውን አጣ። የትምህርት ዘመኑ ገና አላለቀም፤ ስም ሲጠራ ‹‹አለሁ›› የሚለው ድምፅ በየክፍሉ ሳሳ።

የተመለሱትም ብዙዎቹ ቤት አልጠበቃቸውም። ያ የጃፓንኛ ትምህርት ቤት ለቤት አልባ ቤተሰቦች መጠለያ ሆነና በካምፑ የፖስታ አድራሻ ስም ‹‹ሀንት ሆቴል›› ተባለ። ክፍሉ መኝታ ቤት ሆነ ማለት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ዓመታት ሌላ ቦታ ቤት እንዳይገዙ የተከለከሉ ጥቁሮች ሰፈሩ ውስጥ በረከቱ፤ ከ1975 ወዲህ ቬትናሞች ተጨመሩ።

የኛ ሰው በብዛት መምጣት የጀመረው የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ ነው፤ ከደርግ የሸሸው በሱዳን ካምፖች በኩል አድርጎ ገባ። ኤርትራውያንና ሶማሌዎችም መጡ። ብዙዎች የየስለር ቴራስን ቤቶች ተከራዩ። ይህ መኖሪያ የተሠራው በ1941 አካባቢ ነው፤ ዘር ሳይለይ ተከራይ በማስገባት በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው ይባላል፣ አንደኛነቱን ግን ሌሎች ከተሞችም ይሻሙታል። ከ2013 ጀምሮ እየፈረሰ በፎቆች ተተክቷል።

ትምህርት ቤቱ አሁን ወዳለበት ሕንፃ የገባው በ1988 ነው። የአሜሪካ መንግሥት ካምፕ የገቡትን ጃፓናውያን ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር የፈቀደውም በዚያው ዓመት ነው።

ዛሬ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩት መልእክት በአማርኛም፣ በሶማሊኛም ይወጣል። ለመምህርና ወላጅ ስብሰባ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፤ ክፍያም የለውም። ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ መውሰድ አያዋጣም፤ መምህሯ ሁለት ደቂቃ ስለ ረብሻው ታወራለች፣ እሱ ‹‹ጎበዝ ነው እያለች ነው›› ብሎ ይዘጋዋል።