ከቃሊቲ እስከ ዱከም፦ ፋብሪካ ውስጥ ኬሚካል እንዴት ይያዛል?

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ወርደህ፣ አቃቂን አልፈህ ወደ ገላንና ዱከም ስትዘልቅ መንገዱ ግራና ቀኝ ፋብሪካ ነው። ቆዳ፣ ጨርቃጨርቅ፣ ቀለም፣ ሳሙና፣ ፕላስቲክ፣ ብረት። ኬሚካል የማይነካ የለም። "እኛ እንኳን ኬሚካል የለንም" የሚለው ጫማ ሰሪ ሳይቀር ማስቲሽና ቲነር በበርሜል ያስገባል። የኬሚካል አያያዝ የሚባለው ነገር ሲጠቃለል ይሄ ነው፦ ዕቃው በር ላይ ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ ባዶ በርሜሉ እስኪወጣ ድረስ ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደቀረና ማን እንደሚነካው ማወቅ። እኔ ባየሁት ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው ኬሚካሉ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ስሙ ስለጠፋ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከግዢ ነው። የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ጠፍቶ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ግዢ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) ሲከፈት፣ ፋብሪካው ድጋሚ መቼ እንደሚያገኝ ስለማያውቅ የዓመቱን ይገዛል። ዕቃው በጅቡቲ ገብቶ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ ለሦስት ወር ዕቃ በተሠራ መጋዘን ውስጥ ይታጨቃል። ከዚያ የአገልግሎት ጊዜው ያልፋል፣ በርሜሉ ይዝጋል፣ ጽሑፉ ይደበዝዛል። ጥሩ ፋብሪካ ከመግዛቱ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። አንዱ፣ ይህን ሥራ አደጋው ባነሰ ነገር መሥራት አንችልም ወይ? ሌላው፣ ሻጩ የደህንነት መረጃ ሰነዱን ልኳል ወይ? ሠራተኛው "ኤምኤስዲኤስ" የሚለው ማለት ነው። 16 ክፍል አለው፤ ሁሉንም በቃል መያዝ አይጠበቅብህም። 4 የመጀመሪያ እርዳታ ነው፣ 6 ሲፈስ ምን እንደሚደረግ፣ 7 አያያዝና አቀማመጥ፣ 8 መከላከያ ልብስና መሣሪያ፣ 10 ከምን ጋር እንደማይስማማ። እነዚህን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አንድ ገጽ ላይ አውጥቶ ሥራው ቦታ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ እንግሊዝኛውን ቢሮ ፋይል ውስጥ ከመቆለፍ መቶ እጅ ይሻላል።

በርሜሉ ላይ ያሉት ቀይ ጠርዝ ያላቸው ባለ አራት ማዕዘን ምልክቶች ዘጠኝ ናቸው፣ ዓለም ሁሉ የተስማማባቸው። የራስ ቅሉን ሁሉም ያውቀዋል። ሰው የሚሳሳተው ሁለቱ ላይ ነው። ክብ ላይ የተሳለው ነበልባል "ይነዳል" ማለት አይደለም፤ ሌላውን ያነድዳል፣ እሳቱን ያባብሳል ማለት ነው። ደረቱ ላይ ኮከብ የፈነዳበት የሰው ምስል ደግሞ ጉዳቱ ዛሬ አይታይህም፣ ቆይቶ በሳንባ ወይም በካንሰር ይመጣል እያለህ ነው።

ምልክቱ ግን የሚሠራው ዕቃው መጀመሪያ በመጣበት መያዣ ውስጥ እስካለ ነው። የኛ ትልቁ በሽታ መገልበጥ ነው። ከ200 ሊትር በርሜል ወደ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ከጀሪካን ወደ ሃይላንድ። ቀለም የሌለው ፈሳሽ፣ ሽታው ለማይለይ ሰው ውሃ ነው። አንድ ጊዜ ገላን አካባቢ ባለ ፋብሪካ (ስሙ ይቆየኝ) የማሽን ማጠቢያ በሃይላንድ ተደርጎ መስኮት ላይ ተቀምጦ አየሁ፤ አጠገቡ የአንዷ ሠራተኛ የምሳ ዕቃ ነበር። "የማን ነው?" ስል ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ስም ነገረኝ። ለዚህ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ለምግብና ለመጠጥ የሚያገለግል ዕቃ ፋብሪካው ውስጥ ለኬሚካል እንዳይውል መከልከል፣ የተገለበጠበትም ላይ በማርከር ስሙን፣ ቀኑንና አደጋውን መጻፍ።

መጋዘን። ብዙ ንብረት ክፍል በፊደል ተራ ወይም ቦታ በተገኘበት ይደረድራል። መደርደር ያለበት በጠባይ ነው። በረኪናና አሲድ ጎን ለጎን ከተቀመጡና ከተገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ የሚያቃጥል። ቆዳ ፋብሪካ ፀጉር የሚያስለቅቀው ሶዲየም ሰልፋይድ አሲድ ሲነካው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይሆናል፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው። የዚህ ጋዝ ተንኮሉ ሲበዛ አፍንጫን ማደንዘዙ ነው። ሽታው ጠፋ ብሎ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ሰው ይወድቃል፣ ሊያወጣው የሚገባውም ይከተለዋል። ጨርቃጨርቅ ቤት ለማቅለሚያ የሚያገለግለው ሃይድሮሰልፋይት ዱቄት ደግሞ እርጥበት ሲያገኘው ራሱ ይግልና ይነዳል። እንግዲህ የነሐሴ ዝናብና የሚያፈስ ቆርቆሮ ምን እንደሚያደርግ አስበው። ዱቄቱ ከወለል ከፍ ብሎ በፓሌት ላይ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ፣ ከጣሪያው ቀዳዳ ርቆ ይቀመጣል። ፈሳሹ ሥር መያዣ ገንዳ ይደረጋል፤ የተለመደው ልክ የትልቁ መያዣ 110 በመቶ ነው፣ ማለትም ለ200 ሊትር በርሜል 220 ሊትር። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየተሳበ ርቆ ያለ የብየዳ ፍንጣሪ ጋ ሊደርስ ይችላል። ተረስቶ የቆየ ዕቃ ምን እንደሚያደርግ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ቤይሩት አሳይታናለች። 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ወደብ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ቆይቶ ፈነዳ። እዚያ ልጁ ወይም እህቱ የምትሠራ ሰው ያን ምሽት ስልክ ሲሞክር እንዴት እንዳደረ ያውቀዋል።

ስለ ሰውነት ስናወራ ወተቱን ሳላነሳ አላልፍም። ብዙ ቦታ ከኬሚካል ጋር ለሚሠራ ሰው ወተት ይሰጣል፣ "ያጥባል" ተብሎ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ማንም አይከልክላችሁ። ግን በትንፋሽ የገባ ትነት ሆድ ውስጥ ያለ ወተት አያገኘውም። አንዳንድ ማስቲሽ ውስጥ ያለው ኤንሄክሴን ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ የእጅና የእግር ነርቭ ይጎዳል፤ ጣት መደንዘዝ ይጀምራል፣ ሰውዬው ብርድ ነው ይላል። ቤንዚን የተባለው ኬሚካል (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን እሱ ውስጥም በትንሹ ያለው) የደም ካንሰር ያመጣል። ከኮሮና የተረፈው ማስክ ለሳል ነው፤ ትነት ያልፈዋል፣ ባለ ካርቦን ማጣሪያ ያስፈልጋል። ጓንትም ሁሉ አንድ አይደለም፣ ቀጭኑን ቲነር ወዲያው ያልፈዋል። ደግሞ ጓንትና ማስክ የመጨረሻው መከላከያ ነው። ከዚያ በፊት ዕቃውን መቀየር፣ ክዳን መግጠም፣ ትነቱን ከምንጩ የሚስብ ማራገቢያ መሥራት ይቀድማል።

ዓይን ውስጥ ሲረጭ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ይታጠባል። እዚህ ላይ የኛ ሰፈር ጣጣ ይመጣል፦ ውሃ በፈረቃ ነው። የዓይን ማጠቢያው የራሱ ታንከር ከሌለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ነው። አሲድ ሲበረዝ ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል፣ ውሃው ወደ አሲዱ ከሆነ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ሲፈስ ደግሞ ሁሉም የሚሮጠው ወደ ሰጋቱራ ነው። ለዘይት ጥሩ ነው፤ ለናይትሪክ አሲድ ወይም ለፐርኦክሳይድ ግን ማገዶ ማቅረብ ነው፣ አሸዋ ይሻላል። እሳት ከሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ 939 ተደውሎ የመጀመሪያው ቃል የኬሚካሉ ስም መሆን አለበት። አሁንም ስም።

ወደ ቦይ የተደፋው የትም አይጠፋም። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ አዋሽ ነው። በወንዙ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በዚሁ ውሃ ይለማል፣ ገበያ የምንገዛውም እሱን ነው። አቃቂ አካባቢ የአዲስ አበባን የመጠጥ ውሃ የሚመግቡ ጥልቅ ጉድጓዶችም አሉ። ስለዚህ ፍሳሹ አሲድነቱ ተስተካክሎ፣ ክሮሙ (ቆዳ የሚለፋበት ኬሚካል) ተለይቶ፣ ዝቃጩ ለብቻው ተይዞ ነው የሚወጣው። አደገኛው ደረቅ ቆሻሻ ቆሼ አይጣልም። ሀገሪቱ አንድ ጊዜ ያረጁ ፀረ ተባዮች ተከማችተውባት፣ ከ1,000 ቶን በላይ ለማቃጠል እስከ ፊንላንድ መላክ ነበረባት። ሕጉ አለ፦ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ የአደገኛ ቆሻሻው አዋጅ ቁጥር 1090/2010። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ መከላከያ መስጠትን፣ አደጋውን ማሳወቅንና አደገኛ ሥራ ላይ ያለውን ሰው በአሠሪው ወጪ ማስመርመርን ግዴታ ያደርጋል። ይህን የሕክምና ምርመራ መብቱን ግን ሠራተኛው ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

የቀረው ባዶ ጀሪካን ነው። ቆራሌው ይገዛዋል፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፣ ከዚያ ውሃ ወረፋ ላይ ታገኘዋለህ። ሦስት ጊዜ ይታጠባል፣ እጣቢው ወደ ሥራው ይመለሳል ወይም ወደ ማጣሪያው ይሄዳል፣ ጀሪካኑ ታቹ ይበሳል። የተበሳ ጀሪካን በኪሎ ፕላስቲክ ሒሳብ ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል። ጥበቃዎቹ በዚህ ያኮርፋሉ፣ የሻይ ብራቸው ከዚያ ነበርና። የማውቀው አንድ የመጋዘን ኃላፊ ነገሩን እንዲህ ጨረሰው፦ ጀሪካኑን ሁሉ በስቶ ሲያበቃ፣ ከሰፈሩ ሱቅ የምግብ ዘይት የነበረባቸውን ጀሪካኖች ገዝቶ ለጥበቃዎቹ ሰጣቸው።