የምርጫ ማቺንግ ፈንድ እንዴት ነው የሚሰራው

ምርጫ መወዳደር ገንዘብ ይበላል፣ ፖስተሩ፣ ማስታወቂያው፣ ቢሮው፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት ልጆች ምናምን ሁሉም ወጪ ነው፣ እና እጩው ገንዘቡን ከማን አገኘው የሚለው ነገር ከተመረጠ በኋላ የማንን ስልክ ቶሎ እንደሚያነሳ ይወስናል፣ ውሻ በበላበት ይጮሃል የሚባለው እኮ ወዶ አይደለም። ማቺንግ ፈንድ የሚሉት አሰራር የመጣው ይሄን ለማስተካከል ነው። ተራ ነዋሪ ለሚደግፈው እጩ ትንሽ ገንዘብ ሲያዋጣ መንግስት ከህዝብ ካዝና እጥፍ አድርጎ ይጨምርበታል፣ ትልልቅ ሀብታሞች የሚሰጡት ላይ ግን አይጨምርም ወይ ደግሞ የተወሰነችውን ብቻ ነው የሚያባዛው።

የዚህ ነገር ዋና ምሳሌ ኒውዮርክ ከተማ ናት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1986 ከፓርኪንግ ቅጣት አሰባሰብ ጋር የተያያዘ ትልቅ የሙስና ቅሌት ፈነዳ፣ ከዛ በ1988 የእጩዎችን ገንዘብ የሚቆጣጠረው የካምፔይን ፋይናንስ ቦርድ ተቋቋመ። መጀመሪያ ላይ 1 ዶላር ላዋጣ 1 ዶላር ነበር የሚጨመረው፣ ቀስ እያለ 4 እጥፍ ሆነ፣ 6 እጥፍ ሆነ፣ በ2018 ደግሞ ነዋሪው በድምፁ 8 እጥፍ አደረገው። ማለትም 10 ዶላር ብትሰጪ እጩው ጋር የሚደርሰው 90 ነው። ለከንቲባ እጩ የሚባዛው ከአንድ ሰው የመጀመሪያው 250 ዶላር ብቻ ነው፣ እሱ በ8 ተባዝቶ 2,000 ያመጣል፣ ከዛ በላይ በሚሰጠው ላይ ምንም አይጨመርም። ደግሞ ማንም ተነስቶ ልወዳደር ስላለ አይሰጠውም፣ ከንቲባ ለመሆን ቢያንስ ከ1,000 የከተማዋ ነዋሪዎች በድምሩ 250,000 ዶላር ሰብስቦ ሰው እንዳለው ማሳየት አለበት።

እንደኔ እንደኔ ከገንዘቡ በላይ ዋናው ነገር ይሄ የትንንሽ አዋጪዎች የስም ዝርዝር ነው። እጩው ድሮ አስር ሀብታም ጋር እራት ይበላ የነበረው አሁን ሰፈር ለሰፈር ዞሮ 10 ዶላር ልመና ይገባል፣ 10 ዶላር የሰጠ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወጥቶ ይመርጣል፣ ጎረቤቱንም ይቀሰቅሳል።

በአሜሪካ አሰራሩ በፈቃደኝነት ነው፣ ምክንያቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1976 የእጩን ወጪ በግዴታ መገደብ አይቻልም፣ የመንግስት ገንዘብ ለሚወስድ ግን ገደቡን ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ይቻላል ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ወሳጁ ጣሪያ አለው፣ የማይወስደው እንደፈለገ ያወጣል። የፕሬዝዳንቱን ምርጫ ፈንድ የገደለው ይሄው ነው። ሰዉ ታክስ ሲያሳውቅ ሳጥን ላይ ምልክት እያደረገ የሚሞላው፣ ከ1976 ምርጫ ጀምሮ ለእጩዎች የሚከፈል ፈንድ ነበር፣ በ2008 ግን ኦባማ ለዋናው ምርጫ ከሱ አልወስድም አለ፣ ተፎካካሪው ማኬይን ወደ 84 ሚሊዮን ዶላር ወስዶ በዛ ተወሰነ፣ ኦባማ ከሱ ብዙ እጥፍ ሰበሰበ፣ በቃ ከዛ ወዲህ ለዋናው ምርጫ የትልልቆቹ ፓርቲዎች እጩ ዞር ብሎ አላየውም።

ሲያትል ሌላ መንገድ ሞከረች፣ በ2015 ነዋሪው ያጸደቀው ዲሞክራሲ ቫውቸር። ለመራጭነት የተመዘገበ ነዋሪ ሁሉ ቤቱ ድረስ 25 ዶላር የሚያወጡ 4 ወረቀቶች በፖስታ ይላኩለታል፣ ለፈለገው እጩ ይሰጣል፣ ከኪሱ ሳንቲም አይወጣም፣ የምርጫ ድምፅ የሌለው የግሪን ካርድ ነዋሪ እንኳን አመልክቶ መስጠት ይችላል። ገንዘቡ የሚመጣው ከንብረት ግብር ነው። ጥሩ ሀሳብ ነው ግን በመጀመሪያዎቹ ምርጫዎች የተጠቀመበት ሰው ከአስር አንዱም አልሞላም፣ ወረቀቱ ብዙ ቤት ከሌላ ደብዳቤ ጋር ተጥሎ ይቀራል።

ሌላው ራስ ምታት ማጭበርበር ነው። በ8 ሲባዛ በሰው ስም ገንዘብ ማስገባት ያጓጓል፣ አንድ ሀብታም ገንዘቡን ለሰራተኞቹ አከፋፍሎ በነሱ ስም ሊያዋጣ ይችላል። ለዚህ ነው ኦዲቱ የሚከብደው፣ እያንዳንዷ መዋጮ ስምና አድራሻ ትጠየቃለች፣ ከምርጫ በኋላም የተረፈው ይመለሳል። በ2013 ኒውዮርክ ውስጥ የአንድ የከንቲባ እጩ ረዳትና ገንዘብ ሰብሳቢ በዚህ ተከሰው ጥፋተኛ ከተባሉ በኋላ ቦርዱ እጩውን ማቺንጉን ከልክሎታል።

ከአሜሪካ ውጪም አለ። ጀርመን የሚሰጠው ለእጩ ሳይሆን ለፓርቲ ነው፣ ከግለሰብ በመጣው እያንዳንዱ ዩሮ ላይ በህጉ መነሻ 45 ሳንቲም ይጨምራል፣ እስከ 3,300 ዩሮ ድረስ። ካናዳ ደግሞ ለሰጪው ነው የምትመልሰው፣ ከመጀመሪያው 400 ዶላር 75 በመቶው ከታክሱ ይቀነስለታል።

ጉድለቱ ከ2010 የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ የመጡት ሱፐር ፓክ የሚባሉት ገንዘብ ሰብስበው ለእጩ የሚቀሰቅሱ ቡድኖች ናቸው፣ ከእጩው ጋር እስካልተመካከሩ ድረስ ያለ ገደብ ያወጣሉ፣ ማቺንግ ፈንዱ እነሱን አይነካም። በ2025 የኒውዮርክ ከንቲባ የፓርቲ ምርጫ እጩውን ኩዎሞን የሚደግፈው አንዱ ሱፐር ፓክ ብቻ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። ተፎካካሪው ማምዳኒ ደግሞ ገና በመጋቢት ጣሪያው ላይ ስለደረሰ ደጋፊዎቹን ገንዘብ መላክ አቁሙ፣ ይልቅ መጥታችሁ በር አንኳኩልኝ አላቸው፣ እና በሰኔ አሸነፈ።