ምስር እየለቀሙ መጸለይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ለጸሎት ስቆም ሐሳቤ ይበተናል፤ እግሬ እዚህ፣ ልቤ መርካቶ» የሚል ምእመን ብዙ ነው። የሁላችንም ችግር ነው። ዛሬ የማካፍላችሁ መፍትሔ ከጓዳ የሚገኝ ነው። ሰፌዱን አውርዱ፣ ድፍን ምስር ገልብጡበትና ልቀሙ።

አትሳቁ፤ ነገሩ ከአበው የመጣ ነው።

ጥር 22 የምናስበው የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ሀኬት ያዘው። ልቡ ጨለመበት። «ጌታ ሆይ፣ መዳን እፈልጋለሁ፤ ሐሳቤ ግን አልተወኝም። ምን ላድርግ?» ብሎ ለመነ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ውጭ ወጣ ሲል እሱን የሚመስል ሰው አየ። ሰውዬው ቁጭ ብሎ ገመድ ይታታል። ከዚያ ይነሣና ይጸልያል። ደግሞ ቁጭ ብሎ ይታታል፣ ደግሞ ይነሣል። ለካ የእግዚአብሔር መልአክ ኖሯል። «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» አለው።

መልአኩ ረጅም ስብከት አልሰበከለትም። «ሐሳብህን ሰብስብ» ብሎም አልገሠጸውም። ገመድ እየታታ አሳየው፣ በቃ።

እኛ ቤት ገመድ የለም፣ ምስር ግን በጾም ከማናችንም ቤት አይጠፋም። ምስር መልቀም ደግሞ ለዚህ ነገር የተመቸ ሥራ ነው። ሒሳብ ስንሠራ ጭንቅላታችን ሙሉ በሙሉ ይያዛል። ዝም ብለን ስንቀመጥ ያለፈው ዓመት ጠብ ሳይቀር ይመጣል። ምስር ግን ዓይንንና ጣትን ይይዛል እንጂ አፍንና ልብን አይነካም። ገለባውና አቧራው ሲበጠር ይሄዳል። አስቸጋሪው ምስሩን የሚመስለው ጠጠር ነው፤ በቀለምም በመጠንም ቁርጥ ምስር። እሱን ዓይን ብቻውን አያገኘውም። ትንሽ ትንሽ ወደ ራስ ሳብ እያደረጉ፣ በጣት ጫፍ እየዳበሱ ነው። እንግዲህ አንዱን እፍኝ ሳብ ስታደርጉ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በሉ። ቀጣዩን ስትስቡም እንደዚያው። መቁጠር አያስፈልግም፤ ምስሩ ሲያልቅ ያልቃል።

(ጠጠሩ ክፉ ሐሳብ ነው፣ ሰፌዱ ልቡና ነው እያልኩ አልተረጉምላችሁም። ምስሩ ምስር ነው፤ ለእራት ወጥ ይሆናል።)

ስልኩ ግን ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ስብከት ከፍቶ መሥራት መልካም ነው፣ አልቃወምም። ሰው ሲናገር እየሰሙ ግን የራስን ጸሎት መጸለይ ያስቸግራል።

አንድ ጊዜ እስክንድርያ አጠገብ ወደሚኖር አባ ሉክዮስ የተባለ አባት መነኮሳት መጡ። «የእጅ ሥራ አንሠራም፣ ሳናቋርጥ እንጸልያለን» አሉት። «አትበሉም?» አላቸው። «እንበላለን።» «ስትበሉ ማን ይጸልይላችኋል? ስትተኙስ?» መልስ አጡ። እሱም ነገራቸው፦ ቁጭ ብሎ ገመድ ሲታታ «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» እያለ መዝሙረ ዳዊት 50ን ይጸልያል። ከሚያገኘው 16 ሳንቲም ሁለቱን በር ላይ ለድኃ ያስቀምጣል፣ በቀረው ይበላል። እሱ ሲበላና ሲተኛ ያንን የወሰደው ድኃ ይጸልይለታል። «ሳታቋርጡ ጸልዩ» የሚለው ቃል የሚፈጸምልኝ እንዲህ ነው አላቸው።

ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። የአባ ሉክዮስ የልብ ዕረፍት እሱ ጋ ብቻ አልቀረም፣ በር ድረስ ወጣ። ስለዚህ ምስሩን ለቅማችሁ ስትጨርሱ፣ ከማጠባችሁ በፊት አንድ እፍኝ ለነዳያን ለዩ። ሲጠራቀም ትሰጡታላችሁ።

«ታዲያ ጌታ ማርታን ለምን ገሠጻት?» የሚል አይጠፋም። ቃሉን እንየው፦ «በብዙ ነገር ትጨነቂአለሽ ትታወኪማለሽ» (ሉቃ. 10፥41)። «ለምን ትሠሪያለሽ?» አላላትም። ማርታ እጇ ማጀት፣ ዓይኗ ግን ቁጭ ብላ የጌታን ቃል በምትሰማው እኅቷ በማርያም ላይ ነበር። «እኔ ብቻ ነው እንዴ የምሠራው?» እያሉ ምስር የለቀመ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ወጡም ይቃጠላል፣ ልብም ይቃጠላል። እንዲህ ያለ ቅሬታ ሲመጣ ከቅሬታው ጋር አትከራከሩ። ወደ «እግዚኦ» ተመለሱ፣ እጃችሁም አይቁም።

ጭንቀቱ ከባድ ሆኖ እንቅልፍና ምግብ የነሣው ሰው ግን በምስር ብቻ አይታለል። ለንስሐ አባቱ ይንገር፣ ሐኪምም ይይ።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ የምትገዙት ምስር አብዛኛውን ጊዜ ተለቅሞ የታሸገ ነው፤ እናንተ ሽንኩርት ክተፉ። እንባው በነጻ ነው።

ወንዶችም «ይሄ የሴት ሥራ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። አባ እንጦንስም አባ ሉክዮስም ወንዶች ነበሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።