ተዳፋት ላይ ያለ አፈርና አለት እንዴት ነው የሚወርደው?
ተዳፋት ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሁሌም ወደታች እየተሳበ ነው። ግራቪቲ ደግሞ ዛሬ ጨምሮ ነገ አይቀንስም፣ ስለዚህ ለሺህ አመት የቆመ ተራራ አንድ ሌሊት ከተናደ የተቀየረው ስበቱ ሳይሆን አፈሩን ይዞት የነበረው ነገር ነው፣ ማለትም ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ያላቸው ሰበቃና መጣበቅ።

ደረቅ አሸዋ አንድ ቦታ ላይ ስታፈሱ ክምሩ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እምቢ ይላል፣ ከዛ በላይ የጨመራችሁት በጎን ይንሸራተታል እንጂ ክምሩ አይሾልም። ትንሽ ውሃ ጠብ ካረጋችሁበት ግን ቀጥ ያለ ግድግዳ ይሆንላችኋል፣ ስታበዙት ደግሞ ያው ውሃ ያፈርሰዋል። ብዙ ሰው ውሃው እንደ ሳሙና ስለሚያሙለጨልጭ ይመስለዋል፣ ዋናው ነገር ግን እሱ አይደለም፣ በቅንጣቶቹ መሀል ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ ሲሞላና ውሃው መውጫ ሲያጣ ቅንጣቶቹን ይገፋቸዋል፣ አንዱ ሌላው ላይ የሚጫነው ጫና ይቀንሳል፣ ሰበቃውም አብሮ ይላላል። ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚሰርግም አንዳንዱ ናዳ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው የሚመጣው።

አወራረዱ ብዙ አይነት ነው፣ ከገደል ተገንጥሎ የሚወድቅ ቋጥኝ አለ፣ እንዳለ የሚንሸራተት ንጣፍ አለ፣ እንደ ጭቃ የሚፈስም አለ። እኔን የሚገርመኝ ግን የማይታየው ነው፣ በአመት ሚሊሜትር ወይ ሴንቲሜትር ብቻ የሚሄደው። አፈሩ ሲርስ ወይ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሰራ ያብጥና ቅንጣቷን ከተዳፋቱ ወደ ውጭ ያነሳታል፣ ሲደርቅ ወይ ሲቀልጥ ግን ቦታዋ አትመለስም፣ ትንሽ ዝቅ ብላ ነው የምታርፈው። ያዘመመ አጥርና ግንዱ ስሩ ጋ የጎበጠ ዛፍ ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት ነው (ዛፍ በሌላም ምክንያት ይጎብጣል፣ አንድ ዛፍ አይታችሁ አትደናገጡ)።

ቀስ ብሎ የሚሄድ ሁሉ ግን እንደዛው አይቀጥልም። ጣልያን ውስጥ ከቫዮንት ግድብ በላይ ያለው ሞንቴ ቶክ ተራራ የግድቡ ውሃ ከፍ ዝቅ ሲል ለአመታት ሲንፏቀቅ ቆይቶ መጨረሻ ላይ በቀን ወደ 20 ሴንቲሜትር ደረሰ፣ ከዛ በጥቅምት 1963 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 260 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ አለት በአንድ ጊዜ ውሃው ውስጥ ገባ። ማዕበሉ ግድቡን ዘሎ ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎችን ገደለ። ግድቡ ራሱ እስከዛሬ ቆሟል፣ ከጀርባው ሸለቆውን የሞላው ግን የወረደው አለት ነው።